ቤቱ ከመፍረሱ በፊት ዕቃው ይቆጠር
ለደቡብ ወሎ ዞን አስተዳደር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የዞናችን ኃላፊዎች፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የምጽፍላችሁ ስለሚፈርሱ የመንግሥት ሕንፃዎች ነው። ከፈረሱ በኋላ ዕቃቸው የት ይገባል?

ባለፈው ዓመት አንድ የቆየ የመንግሥት ቤት ሲፈርስ ቆሜ አየሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አላነሳም። ኤክስካቫተሩ ጠዋት ገባ፤ ከምሳ በፊት ጣሪያው መሬት ላይ ነበር። በሮቹ እንኳ አልተነቀሉም። የጥዱ ወራጅ ሲሰበር ሽታው እኔ እስከቆምኩበት ድረስ መጣ። ያን ሁሉ ዘመን ጣሪያ ተሸክሞ ምስጥ ያልደፈረው እንጨት ነው። በማግስቱ ሰዎች ስብርባሪውን ለማገዶ ሲሸከሙ አገኘኋቸው። አልፈርድባቸውም። ጠርብ ድንጋዩን ግን ገልባጭ መኪና ወስዶ ወንዝ ዳር ደፋው።

እስካሁን ያንገበግበኛል። ከመንግሥት ቢሮ አንዲት ወንበር ስትወጣ ጥበቃው በር ላይ ያስቆማታል፤ የመውጫ ወረቀት ይጠይቃል። እዚህ ግን ሙሉ ቤት ያለ ወረቀት ወጣ።

የእኛ ገበሬ እንዲህ አያደርግም። ቤቱን ሲያፈርስ ቆርቆሮውን አንድ በአንድ ያወርዳል። የተጣመመች ሚስማር ሳትቀር ድንጋይ ላይ አድርጎ ያቃናል። አዲሱን ቤት የሚጀምረው በአሮጌው ዕቃ ነው።

የምጠይቃችሁ ይኸንኑ ነው። የማፍረስ ውል ሲፈረም የንቀላው ሥራ ለብቻው ይጻፍበት። ከማሽኑ በፊት አናጢና ግንበኛ ይግቡ። በሩ፣ መስኮቱ፣ ቆርቆሮው፣ ጣውላው፣ ድንጋዩ ተቆጥሮ በሞዴል 19፣ ማለትም በንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ ገቢ ይሁን። በ2014ቱ ጦርነት የተጎዱ ትምህርት ቤቶቻችን ቅድሚያ ያግኙ፤ የተረፈው በጨረታ ይሸጥ። በኖራ የተገነባ ድንጋይ በመዶሻ መታ መታ ሲያደርጉት ንጹሕ ሆኖ ይላቀቃል። ሲሚንቶ የያዘው ያስቸግራል፤ እሱና ኮንክሪቱ ተፈጭተው ለመንገድ ሙሌት ይሆናሉ።

ሁሉም ነገር ተመልሶ ይሠራበት ማለቴ አይደለም። ከኮንክሪት ተጎትቶ የወጣ ፌሮ ተቃንቶ የሰው ቤት ምሰሶ ውስጥ እንዳይገባ አደራ። መሬታችን ይንቀጠቀጣል። በ1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ እንዳልነበረች አድርጓታል። ያ ፌሮ ወደ ብረት ማቅለጫ ይሂድ። የአስቤስቶስ ጣሪያ ከተገኘም ውሃ ተረጭቶበት፣ ሳይሰበር ይውረድ፤ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይወስደው። ብናኙ የሳንባ ካንሰር ያመጣል።

ጊዜ ይፈጃል እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ልክ ነው፣ ይፈጃል። ግን እነዚያ ቀናት ሥራ ፈትተው ለተቀመጡ የሰፈራችን ልጆች የቀን ምንዳ ናቸው።

ቀጣዩ ሕንፃ ከመፍረሱ በፊት የዕቃው ዝርዝር እዚያው በሩ ላይ ይለጠፍልን። መጥቼ አነበዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የደሴ ነዋሪ