ለጊዜው ብለሽ ስለያዝሽው አድራሻ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔና እናትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ወገቤም ካለፈው ወር ይሻለዋል፤ ስለዚህ እናትሽ በስልክ የምትነግርሽን ሁሉ እንዳለ አትቀበያት።

ይህንን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ታናሽ ወንድምሽ ትናንት ማታ በነገረኝ ነገር ምክንያት ነው። የስፌት ሥራሽ የፌስቡክ ገጽ እስከ አሁን ያንን ረጅም የቁጥር አድራሻ ይዞ መቆየቱን፣ አሁን ባነርና የቢዝነስ ካርድ ልታሳትሚ ስትዘጋጂ ግን አንድ ስም መርጠሽ «ለጊዜው ይሁን፣ ሥራው ሲሰፋ እለውጠዋለሁ» ማለትሽን ነገረኝ። ቁጥሩን ለመተው መወሰንሽ ደስ አሰኝቶኛል፤ ጊዜው አልፎበት ነበር። «ለጊዜው» ያልሽው ግን አሳስቦኛል። ልጄ፣ ለጊዜው የሚባል አድራሻ የለም።

አባትሽ ዕድሜውን የጨረሰው ማተሚያ ማሽን አጠገብ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ የሰውን አድራሻ ሳትም ኖሬያለሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ሰኔ ወር ፌስቡክ የተጠቃሚ ስም መስጠት እስኪጀምር ድረስ የድርጅት ገጽ የሚለየው በአድራሻው ጫፍ በተንጠለጠለ ቁጥር ነበር። ካርድ ሊያሳትም የሚመጣ ሰው ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ገልብጦ ያመጣልኛል፤ እኔ ስጽፍ እሱ ጣቱን በየአሃዙ ላይ እያስኬደ ያርመኛል፤ ሁሉም ታትሞና ተቆርጦ ካበቃ በኋላ አንዲት አሃዝ ተዘልላ ትገኛለች። ስሙ ሲፈቀድም ለሁሉም አልነበረም፤ መጀመሪያ ከ1,000 በላይ ተከታይ ለነበራቸው ገጾች ብቻ ተሰጠ፣ በኋላም መስፈርቱ ወደ 25 ወረደ። ሌሎቹም መድረኮች በየራሳቸው ደንብ ስም ሲሰጡ ሰው ሁሉ ያገኘውን ይዞ ይሮጥ ነበር፤ ከሯጮቹ አንዱ ደግሞ አጎትሽ ነበር።

የአጎትሽን ነገር ግማሹን ታውቂዋለሽ፤ ልጅ ስለነበርሽ ግማሹን አልነገርንሽም። የእንጨት ሥራውን ሲጀምር ገጹን በአያትሽ ስም ከፈተው። የየትኛው መድረክ ገጽ እንደነበረ ለዛሬው ጉዳይ አይጠቅመንም። ስሙ አጭር ነበር፤ ለመጥራትም ለመጻፍም አይከብድም፤ ሰውም ቶሎ ለመደው። ካርዱን፣ ደረሰኙንና በየዕቃው ጀርባ የሚለጠፈውን ምልክት ሁሉ በዚያው አድራሻ አተምኩለት። ሁለተኛውን ወርክሾፕ በከፈተ ጊዜ ግን የእናታችን ስም ለትልቅ ድርጅት የሚያንስ መሰለው፤ መጨረሻው ላይ «ግሩፕ» የሚል የተለጠፈበት ሌላ ስም መረጠና አድራሻውን በአንድ ምሽት ለወጠው። ደስ ብሎት ደውሎ ሲነግረኝ ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

የተለቀቀው ስም ብዙም ሳይቆይ በማናውቀው ሰው ተያዘ። ያ ሰው ከአጎትሽ ገጽ የቀዳቸውን የአልጋና የቁም ሣጥን ፎቶዎች ለጥፎ ቀብድ መሰብሰብ ጀመረ። አሮጌውን ካርድ በኪሱ የያዘ ደንበኛ ሁሉ የሚጽፈው ለእሱ ሆነ። አንዲት ሴት እኔ ያተምኩትን ካርድ ይዛ መጥታ አጎትሽ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ አድራሻውን በጥፍሯ እየነካካች «ይህ የእናንተ አይደለም?» አለችው። የእኛ አይደለም እንዳይል ካርዱ የእሱ ነው፤ የእኛ ነው እንዳይል ገንዘቡን የወሰደው ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ በቀሩት ካርዶች ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ስቲከር አተምኩለት፤ ከወረቀቱ እየላጠች በጣቱ ጫፍ ላይ ታስቀምጥለት የነበረችው አንቺ ነበርሽ። ጨዋታ መስሎሽ ትስቂ ነበር። ሰው ኪስ ውስጥ ያለው ካርድ ግን ስቲከር አይደርሰውም።

እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ የጠፋው ገንዘብ አይደለም፤ አጎትሽ ሥራውን ቀስ በቀስ አቃንቶታል። የሚቆጨኝ የእናታችን ስም በማናውቀው ሰው እጅ መቅረቱ ነው። አንዳንዴ ማታ ስሙን ጽፌ ገጹን እከፍተዋለሁ። ዛሬ ባዶውን ነው፤ ፎቶም የለበትም፤ ስሙ ግን እንደተያዘ ነው። ለሚያስተዳድሩት ብንጽፍም የእኛ እንደነበረ የሚያሳይ ማስረጃ አልነበረንም።

ምክር ልጽፍ ተቀምጬ የአጎትሽን ታሪክ ጻፍኩ። ወደ አንቺ ልመለስ።

ስሙን ለፌስቡክ ብቻ ብለሽ አትምረጪ፤ ነገ በሌላውም መድረክ በዚያው ስም መጠራት ትፈልጊያለሽ። ፌስቡክ ቢያንስ 5 ፊደል ይጠይቃል፤ የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ነጥብ እንጂ የታችኛውን ሰረዝ (_) አይቀበልም። ቴሌግራም በተቃራኒው ሰረዙን ይቀበላል፣ ነጥቡን አይቀበልም። ኢንስታግራም ሁለቱንም ይወስዳል፤ እስከ 30 ድረስም ይፈቅዳል። ቀድሞ ትዊተር ይባል የነበረው ኤክስ ደግሞ ከ15 አያሳልፍም፣ ነጥብም አይወስድም። ሁሉንም አንድ ላይ ስታስቢያቸው የሚቀርሽ መንገድ ጠባብ ነው፦ ነጥብም ሰረዝም የሌለው፣ ከ5 የማያንስ፣ ከ15 የማይበልጥ፣ በፊደል ብቻ የተጻፈ ስም ያስፈልግሻል።

ወንድምሽ እንዳለኝ ከሆነ የመረጥሽው ስም መሐሉ ላይ ነጥብ አለው፣ መጨረሻው ላይ የዘንድሮ ዓመተ ምሕረት አለው፣ መጀመሪያው ደግሞ የልጆች ልብስ የሚል ነው። ነጥቡ ፌስቡክ ላይ አይጎዳሽም፤ ፌስቡክ ነጥብንና የፊደልን ትልቅነትና ትንሽነት ከቁጥር ስለማያስገባ ነጥብ ያለውም የሌለውም አንድ ገጽ ላይ ያደርሳል። ኢንስታግራም ላይ ግን ሁለቱ የተለያዩ ስሞች ናቸው፤ አንቺ ነጥብ ያለውን ስትይዢ ነጥብ የሌለውን ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል፣ ደንበኛ ደግሞ ነጥብ ይረሳል። ዓመተ ምሕረቱ በሚቀጥለው ዓመት ያረጃል። የልጆች ልብስ የሚለውን ደግሞ የትልቅ ሰው ልብስ መስፋት በጀመርሽ ማግስት ትጠይዋለሽ፤ ያኔ «ልለውጠው» ትያለሽ፤ እኔ የምፈራው ይህንኑ ነው። ለጊዜው ብለሽ አትያዢ። ዛሬ የምትይዢውን ስም ከአሥር ዓመት በኋላም እንደምትጠሪበት አድርገሽ ያዢው።

የራስሽን ስም ብትወስጂ ደስ ይለኛል፤ ይህንን የምለው አባትሽ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። የሰው ስም ከሚሸጠው ዕቃ ጋር አያረጅም። ገጹ ላይ ከላይ የሚታየው መጠሪያ በአማርኛ ሊጻፍ ይችላል፤ አድራሻው ግን በላቲን መሆኑ ስለማይቀር ችግሩ አጻጻፉ ላይ ነው። አንዱ ድምፅ በሁለትና በሦስት መንገድ ይጻፋል፤ በስልክ አድራሻ ሲነገር የምሰማው ሁልጊዜ ያው ነው፤ «ኬ ነው ወይስ ኪው? ኢ አንድ ናት ሁለት? ኤስ ትደገማለች?»። ስለዚህ አንቺ ትክክል ነው የምትይውን ሳይሆን ሰው ሰምቶ በራሱ የሚጽፈውን አጻጻፍ ያዢ። የመረጥሽው ከተያዘ መጨረሻው ላይ ቁጥር ወይም «ኦፊሻል» አትቀጥዪበት፤ ሌላ ስም ፈልጊ። የያዘው ሰው ልሽጥልሽ ቢልሽም አትግዢ፤ ፌስቡክም ኢንስታግራምም ይህንን በደንባቸው ይከለክላሉ፤ ከፍለሽም በነጋታው ልታጪው ትችያለሽ። የታወቀ ድርጅት ስምን የሚመስልም አትንኪ፤ ባለ ንግድ ምልክቱ ከጠየቀ ሊነጠቅብሽ ይችላል።

ሌላው የገጹ ባለቤትነት ጉዳይ ነው። ገጹን የከፈተችልሽ ያቺ ጓደኛሽ ጎበዝ ልጅ ናት፤ ምንም አልልም። ግን ሙሉ ቁጥጥሩ በእሷ አካውንት ላይ ብቻ ከሆነ ስሙ ያንቺ አይደለም ማለት ነው። ነገ ስልኳ ቢጠፋ ወይም አካውንቷ ቢዘጋ ማን ከፍቶ ያስገባሻል? ስሙን ከመያዝሽ በፊት ሙሉ ቁጥጥር ለራስሽ ይሰጥሽ፤ ሁለተኛ አድሚን ወንድምሽን አድርጊው፤ ሁለታችሁም ከይለፍ ቃሉ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ። ከዚያም የገጹ ግልጽነት የሚለው ክፍል ውስጥ ገብተሽ የገጹን መለያ ቁጥርና የተከፈተበትን ቀን በደብተርሽ ላይ ጻፊ። ስም ቢለወጥም ያ ቁጥር አይለወጥም። ለአጎትሽ ያልነበረው ማስረጃ እንዲህ ያለው ነው፤ እባክሽ ይህቺን አትናቂያት።

አዲሱን ስም እንደያዝሽ ከፌስቡክ የመጣ የሚመስል መልእክት ሊደርስሽ ይችላል፤ ገጽሽ ሊዘጋ ነው፣ እዚህ ተጭነሽ አረጋግጪ የሚል። አትጫኚ። ሊንክ ስታዪ መነሻው ላይ ያለውን https:// ዝለዪና ከዚያ በኋላ ከሚመጣው የመጀመሪያ ስላሽ (/) በፊት ያለውን አንብቢ፤ እሱ የመድረኩ ቤት ነው፣ ያንቺ ስም የሚመጣው ከስላሹ በኋላ ነው። በፊት ያለው፣ www. ካለበት እሱን ትተሽ፣ በትክክል ፌስቡክ ነጥብ ኮም ካልሆነ ኋላ ያለው ምንም ቢል አይጠቅምም።

ስለ ሕትመቱ ሙያዬ ስለሆነ ትእዛዝ ነው የምሰጥሽ። ስሙ በገጹ ላይ ጸድቆ፣ ከሌላ ሰው ስልክ ተከፍቶ ያንቺን ገጽ ሳያሳይ የባነሩን ፋይል እንዳትልኪ። ኪውአር ኮዱም ከዚያ በኋላ ይሠራ፤ ኮዱ በውስጡ የሚይዘው አድራሻውን ራሱን ስለሆነ፣ ታትሞ ካለቀ በኋላ ስም ብትለውጪ አሮጌውን ሲጠራ ይኖራል። ስምሽ ሁለት ቃል ከሆነ በባነሩ ላይ የየቃሉን መጀመሪያ በትልቅ ፊደል አጽፊው፤ አድራሻውን አይለውጠውም፣ ሁለቱ ቃላት ተጋጥመው ያላሰብሽውን ቃል እንዳይወልዱ ግን ያደርጋል። ትንሿን ኤል፣ ትልቋን አይ እና የአንድን ቁጥር አንድ ዓይነት የሚያደርግ የፊደል ቅርጽ አትቀበዪ፤ ዲዛይነሩ ያምራል ቢልሽም እንቢ በዪ። ለዲዛይነር ውበት ብዬ ያተምኳቸውን የማይነበቡ አድራሻዎች ብቆጥርልሽ ይመሽብናል።

ቆጣ ያልኩ እንዳይመስልሽ። በራስሽ እጅ ሰፍተሽ ለእናትሽ የላክሽላትን ቀሚስ ጎረቤት ሁሉ አይቶታል፤ የስፌቱን መስመር ስታሳያቸው ከእኔ በላይ ስትኮራ አያታለሁ። ሥራሽ ንጹሕ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ደንበኛው ተመልሶ ሲፈልገው በአንድ አድራሻ መገኘት አለበት፤ ለጊዜው በተያዘ፣ ነገ በሚተው አድራሻ መሆን የለበትም።

ገጹ አሁን የማይቀበልሽ ከሆነ አትጣደፊ፤ አዲስ ገጽ ወዲያው ስም የማይፈቀድለት ጊዜ አለ። ባነሩ ይቆይ እንጂ በቁጥሩ አታሳትሚ። እስከዚያ በስልክ ቁጥርሽ ብቻ ትንሽ ካርድ እኔ አትሜ እልክልሻለሁ፤ የምትፈልጊውን ቀለም ለወንድምሽ ንገሪው።

አሁን ሦስት ስሞች ምረጪና በየመድረኩ መያዛቸውንና አለመያዛቸውን ፈትሺ። ረቡዕ ማታ ስደውልልሽ ሦስቱንም በቃል ብቻ ንገሪኝ፣ ፊደላቸውን አትቁጠሪልኝ፤ እኔ በአንድ ወረቀት፣ እናትሽ በሌላ ወረቀት እንጽፋቸዋለን። ሁለታችንም ያልተሳሳትንበትን ያዢ፤ ሦስቱንም ከተሳሳትን ሌላ ሦስት አምጪ።

አባትሽ