የእግረኛ ጭፍራ ምስሎቻችንን ከብረት ወደ ሬዚን ስለማዛወራችን ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ክቡራንና ክቡራት ደንበኞቻችን፣

ከአዲሱ ካታሎግ ጀምሮ፣ ለጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታችን የምንሠራቸውን ትንንሽ የእግረኛ ጭፍራ ምስሎች በብረት መሥራት እንደምናቆምና በሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ ተፈስሶ በሚጠነክር የፕላስቲክ ዓይነት) እንደምንተካቸው ካስታወቅን ወዲህ ብዙ መልእክት ደርሶናል። ሁሉንም አንብበናል። ጥቂቶቹ ምክንያቱን በትሕትና የጠየቁ ናቸው፤ የሚበዙት ግን በቁጣ የተጻፉ ሲሆን፣ “ለትርፍ ስትሉ ከዳችሁን” ያሉንም ከአንድ በላይ ናቸው። ማስታወቂያው አጭር በመሆኑና ሠራዊታቸው ገና ግማሽ ላይ ያለባቸውን ሰዎች በማስደንገጡ ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔው ግን የጸና ነው፤ ለምን እንደጸና ደግሞ ሳንቸኩል ልናስረዳችሁ እንወዳለን።

ምስሎቻችን የሚሠሩበት ቅይጥ አብዛኛው ክፍሉ ቲን ነው፤ ጥቂት አንቲሞኒና መዳብ ይታከልበታል። ቲን በ232 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚቀልጥ፣ ጎብሊን የሚባለውን የተረት ፍጡር የግንባር ሽብሽብና የጋሻ ምስማር ሳይቀር አጥርቶ የሚይዝ ማዕድን በመሆኑ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ችግሩ ፈላጊው ብዙ መሆኑ ነው። በዓለም ላይ ጥቅም ላይ ከሚውለው ቲን ግማሽ ያህሉ ለኤሌክትሮኒክስ ብየዳ ይሄዳል፤ ስለዚህ እኛ ኦርክና ኤልፍ የሚባሉ የተረት ጦረኞችን የምንሠራበትን ብረት የምንሻማው ስልክና ኮምፒውተር ከሚገጣጥሙ ፋብሪካዎች ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አጋማሽ በለንደን የብረታ ብረት ገበያ አንድ ቶን ቲን በ17,000 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር፤ በመጋቢት 2022 መጀመሪያ ከ50,000 ዶላር በላይ ወጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አካባቢ ወደ ቀድሞው ቦታው ቢወርድም እዚያ አልረጋም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በምያንማር የዋ ግዛት የማዕድን ቁፋሮ ሲታገድ፣ በ2025 ደግሞ በምሥራቅ ኮንጎ የሚገኘው የቢሲ ማዕድን በውጊያ ምክንያት ለጊዜው ሲቆም ገበያው እንደገና ተናውጧል። ብረት የሚያቀርብልን ነጋዴ ለአንድ ወር የሚቆይ ዋጋ ሊነግረን የማይደፍርበት ጊዜ ነበር። ዋጋው እጅግ ባሻቀበበት በዚያ ዓመት የካታሎጋችንን ዋጋ አልነካንም፤ ልዩነቱን ከኪሳችን ሸፈንነው። ያን ጊዜ ደብዳቤ የጻፈልን አልነበረም፤ ማንም ስላላወቀ መጻፍም አይጠበቅበትም ነበር። “ለትርፍ ስትሉ” ላላችሁን ግን ይህን ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም።

የሚያስወጣን ብረቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንኳ እንችለው ይሆናል። የብረት ምስል የሚወጣው ከክብ የጎማ ሞልድ (ማፍሰሻ ቅርጽ) ነው። በእጅ የተቀረጹት የመጀመሪያዎቹ ምስሎች በሁለት የጎማ ሳህኖች መካከል ተደርድረው በሙቀትና በግፊት ይጨመቃሉ፤ ጎማው ሲጠነክር ቅርጻቸውን ይይዛል። ከዚያ ሞልዱ በማሽን ላይ እየተሽከረከረ የቀለጠው ብረት በመሐሉ ቀዳዳ ይፈስሳል፤ የመሽከርከሩ ኃይልም ብረቱን ወደ ዳር እየገፋ እያንዳንዱን ጣትና እያንዳንዱን የጋሻ ጠርዝ ይሞላል። በእያንዳንዱ ማፍሰስ ሙቀቱ ከጎማው ትንሽ ትንሽ ይበላል። ከሁሉ በፊት የሚያረጀው የጦሩ ጫፍ ነው። ቦታው ጠባብ ስለሆነ በዙሪያው ያለው ጎማ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ አንድ ቀን ሞልዱ ሲከፈት ጦሩ ጫፍ የለውም፣ በምትኩ ከእጁ አጠገብ እንደ ቅጠል የሳሳ ትርፍ ብረት ተለጥፏል። ያ ምስል ወደ ማቅለጫው ይመለሳል፤ ቀጣዩም፣ የሱ ቀጣይም። በዓመት ጥቂት የሚሸጥ የጦር አዛዥ ሞልዱ ብዙ ዘመን ይቆያል። ሃያ ሃያ እየሆኑ የሚሸጡ ጦረኞች ግን ሞልዳቸውን በአጭር ጊዜ ይጨርሱታል። ውሳኔያችን እግረኛውን ብቻ የነካው ስለዚህ ነው፤ አዛዦች፣ ጠንቋዮች፣ ዓርማ ያዦችና ፈረሰኞች በብረት ይቀጥላሉ።

እንደ ድሮው እርሳስ ቀላቅሉበት ብላችሁ የጻፋችሁልን አላችሁ። እርሳስ ርካሽ ነው፣ በቀላሉ ይፈስሳል፤ የቀደሙት ምስሎች በአብዛኛው ከእሱ ይሠሩ እንደነበርም እናውቃለን። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1993 በኒውዮርክ ግዛት እርሳስ ያለባቸውን ምስሎች ለመከልከል ረቂቅ ሕግ ከቀረበ ወዲህ ብዙ አምራቾች የተዉት ያለ ምክንያት አይደለም። ሞርደው አቧራውን የሚተነፍሱት፣ በተቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ የሚበሉት እናንተና ልጆቻችሁ ናችሁ። በዚህ ላይ አንደራደርም።

ትልልቅ ድርጅቶች እንደሚያደርጉት ወደ ጠንካራ ፕላስቲክ ለምን አትሄዱም የሚለውም ጥያቄ ተደጋግሟል። የፕላስቲክ ምስል የሚወጣው ከጠንካራ ብረት ተቀርጾ ከሚሠራ ሞልድ ነው፤ የሞልዱ ወጪ የሚመለሰው እጅግ ብዙ ሲሸጥ ብቻ ነው። የእኛ የኤልፍ ቀስተኞች በዓመት የሚሸጡበት ቁጥር ያን ሞልድ በዕድሜዬ አይከፍለውም።

ከሁሉ የከበደኝ የቆዩ ደንበኞቻችን የጻፉት ነው፤ “ዋጋ ጨምሩ እንጂ ብረቱን አትተዉ፣ እኛ እንከፍላለን” ብለዋል። ፍቅራችሁ ይገባኛል፣ ከልቤም አመሰግናለሁ። ነገር ግን እናንተ ሠራዊታችሁን ሰብስባችሁ የጨረሳችሁ ናችሁ፤ በዓመት የምትጨምሩት አንድ ጀግና፣ ሲበዛ አንድ ዘንዶ ነው። አዲስ ተጫዋች የሚጀምረው ከዘንዶው አይደለም። የጨዋታችን ሕግ ከሠራዊቱ ሰፊውን ድርሻ እግረኛ እንዲሆን ያዛል፤ በአምስት ስፋትና በአራት ረድፍ የቆሙ ሃያ ጦረኞች ያሉት አንድ ጭፍራ ብቻውን አይበቃም፣ ጎኑን የሚጠብቅለት ሁለተኛ ያስፈልገዋል፣ ከኋላ ደግሞ ቀስተኞች። ይህ ሰው የእነዚህን ዋጋ ደምሮ ካታሎጉን መልሶ ከዘጋው የሚጎዳው ድርጅታችን ብቻ አይደለም። ባላጋራ ያጣ ሠራዊት የቱንም ያህል አምሮ ቢቀባ የመደርደሪያ ጌጥ ነው። ከጠረጴዛው ማዶ የሚቆም ሰው ካላመጣን ለእናንተም የምንሸጥላችሁ ጀግና የሚዋጋው አያገኝም። የእግረኛውን ዋጋ ዝቅ አድርጎ ማቆየት ለአዲሱ ሰው የተደረገ ውለታ ብቻ እንዳይመስላችሁ የምለምነው ለዚህ ነው።

ይህን የምለው ከውጭ ሆኜ አይደለም። ይህን ሥራ የጀመርኩት ሙሉ ጭፍራ ለመግዛት አቅም አጥቼ፣ ሲደባለቅ የሚጠነክር ባለ ሁለት ቀለም የቅርጽ ሊጥ እየለወስኩ በሽቦ አጽም ላይ ጎብሊን በመሥራት ነው። የመጀመሪያው ጋሻው የተሰነጠቀ ነበር፤ መሰንጠቁ ሆን ተብሎ እንደተሠራ አድርገው ገዙኝ፣ እስካሁንም በካታሎጋችን ውስጥ እንዳለ አለ። ከዚያ ጊዜ ገዢዎች አንዳንዶቹ ዛሬም ደንበኞቻችን ናቸው፤ ከቁጡዎቹ ደብዳቤዎች መካከል ስማቸውን ሳይ ያዘንኩት ስለዚህ ነው እንጂ ትችት ጠልቼ አይደለም።

አንዳንዶቻችሁ የፈራችሁት ከብረቱ በላይ መሆኑም ይታየኛል። እ.ኤ.አ. በ2015 ዋርሃመር በተባለው የታወቀ የጠረጴዛ ጦርነት ጨዋታ የድሮው ዓለም ተዘግቶ ሰልፈኛ ጭፍራ በተበተነና የምስሎቹ መቆሚያ ከአራት ማዕዘን ወደ ክብ በተለወጠ ጊዜ ብዙ ሰው ለዓመታት የቀባው ሠራዊት ቤት አጥቶበት ነበር፤ ያ ዓለም ወደ ጠረጴዛ የተመለሰው በ2024 ነው። እኛ እንዲህ ያለ ነገር አላደረግንም፣ አናደርግምም። ሕጉ ያው ነው፣ ባለ 25 ሚሊሜትር አራት ማዕዘን መቆሚያው ያው ነው፤ የብረትና የሬዚን ጦረኛ በአንድ ረድፍ ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ፣ በጨዋታው የሚቆጠርላቸው ነጥብም እኩል ነው።

ትከሻ ለትከሻ ስል በቃል ብቻ አይደለም። ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር የብረት ምስል ከመጀመሪያው ቅርጽ በጥቂቱ ያንሳል፤ ሬዚን የሚኮማተረው ከዚያ ያነሰ ነው። ከመጀመሪያው ቅርጽ ላይ ሬዚኑ የሚፈስስበትን የሲሊኮን ሞልድ ብናወጣ ኖሮ አዲሶቹ ጦረኞች ከአሮጌዎቹ በራስ ቁር ጫፍ ይበልጡ ነበር። ስለዚህ ሞልዱን ያወጣነው ተመርጠው ከተጸዱ የብረት ምስሎች ላይ ነው። የዋርሃመር አምራች የሆነው ጌምስ ወርክሾፕ እ.ኤ.አ. በ2011 በርካታ የብረት ምስሎቹን ወደ ሬዚን ሲያዛውር በአየር አረፋ ቀዳዳ ምክንያት የተነሳውን ቅሬታ የምታስታውሱ፣ እኛ ሬዚኑን የምናደርቀው በግፊት ጋን ውስጥ መሆኑን እወቁልን፤ አረፋው በግፊቱ ተጨፍልቆ ዓይን ከማያየው መጠን በታች ይወርዳል። የሲሊኮን ሞልድ ዕድሜው ከጎማውም ያጥራል፣ ይህን አንደብቅም፤ ነገር ግን እንደ ጎማው የሙቀት መጭመቂያ ሳያስፈልገን እዚሁ በእጃችን የምንተካው ነው።

የክብደቱን ነገር ክርክር የለኝም። የቲን እፍጋት ከሬዚን ስድስት እጥፍ በላይ ነው፤ ሙሉ የብረት ጭፍራ በሰሌዳው ላይ ሲገፋ እጅ ላይ የሚሰማው ነገር በሬዚን የለም፣ እኔም ይናፍቀኛል። በአንጻሩ ሬዚኑ ቢወድቅ ቀለሙ እንደ ብረቱ አይላጥም፤ የጎበጠ ጦር በሙቅ ውኃ ነክሮ ማቃናት ይቻላል፤ የሠራዊቱ እሽግ ሲላክም የማጓጓዣው ወጪ ይቀንሳል። ከመቀባታችሁ በፊት በሳሙና ውኃ እጠቡት፣ ስትሞርዱት እያረጠባችሁና አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ይሁን። የፕላስቲክ ማጣበቂያ አይዘውም፤ ሱፐር ግሉ ተጠቀሙ።

ጭፍራቸው ግማሽ ላይ የቀረባቸው ደንበኞች የጎደላቸውን ምስል ዓይነትና ብዛት ጽፈው ይላኩልን። የቀሩት የጎማ ሞልዶች ጫፍ ያለው ጦር እስከሰጡን ድረስ ከማንኛውም አዲስ ትእዛዝ በፊት የእናንተን በአሮጌው ዋጋ እንሠራለን፤ ሞልዱ ያለቀበት ዓይነት ካለ ገንዘባችሁን ሳንቀበል እንነግራችኋለን። ትእዛዛችሁን ለመሰረዝ ያሰባችሁ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። በሚቀጥለው እሽግ ውስጥ ያለ ክፍያ አንድ የሬዚን ጦረኛ እናስገባለን፤ ቀብታችሁ በብረቶቹ መካከል፣ በሁለተኛው ረድፍ አቁሙትና ከጨዋታ በኋላ የመሰላችሁን ጻፉልን። መልሱን የማነበው እኔው ነኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤትና ቅርጽ ሠሪ