ሻማው የሚበራበት ሰዓት

ውድ እማዬ እንደምን ሰነበትሽ? አባባስ ጉልበቱ ተሻለው? እኔ ከናንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለፈው በስልክ ምኩራብ ላይ ዓርብ ለሰንበት ቤታችሁ ሻማ አብሩ ሲሉን ልቤ እምቢ አለኝ ስትዪኝ ኔትወርኩ ተቋረጠና ሳልመልስልሽ ቀረሁ፣ ማሚቱ ቀስ ብላ ታንብብልሽ።

እማዬ ልብሽ ልክ ነው። በሰንበት እሳት መለኮስ እዚህ ኢየሩሳሌምም ክልክል ነው፣ ዘጸአት 35 ላይ ያለው ቃል ያው ነው። እነአያቴ በቤተ እስራኤል ልማድ ዓርብ ፀሐይ ሳትገባ ምድጃውን አጥፍተው የቀዘቀዘ ምግብ በልተው በጨለማ ያድሩ ነበር፣ የአይሁድ መምህራኑ ረቢዎቹ ግን ቀደም ብሎ የተለኮሰ እሳት ማንም ሳይነካው በራሱ ቢነድ ክልክል አይደለም ይላሉ፣ እንዲያውም ሰው በጨለማ እየተደናቀፈ የቤቱ ሰላም እንዳይደፈርስ ብለው መብራቱን ግዴታ አድርገውታል። ስለዚህ ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው።

ብዙ ቦታ ፀሐይ ልትጠልቅ 18 ደቂቃ ሲቀራት ነው የሚበራው፣ ሃይፋ 30፣ እዚህ ኢየሩሳሌም ደሞ 40 ደቂቃ። ሰዓቱ ሲደርስ ከተማው ላይ ሳይረን ይነፋል። የዚህ አገር ፀሐይ እንደኛ አይደለችም፣ ታኅሣሥ ላይ በሀበሻ ሰዓት ከቀኑ 10 አካባቢ ይበራል፣ ሰኔ ላይ ደሞ ማታ 1 ሰዓት አካባቢ፣ እና ብርድ ሲመጣ ዓርብ ከስራ ሮጬ ነው የምገባው። በጣም ማስቀደምም አይቻልም፣ ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ሲቀራት ነው የሚፈቀደው፣ ከዛ በፊት ቢለኮስ ለሰንበት መሆኑ አይታወቅማ።

ጎረቤቴ ያሉት አሮጊት ሲያበሩ ብታያቸው ደስ ይልሽ ነበር። ሁለቱን ሻማ ከለኮሱ በኋላ ክብሪቱን እፍ አይሉትም፣ ሰሃን ላይ ያስቀምጡትና ራሱ ይጠፋል፣ ምክንያቱም ሻማውን ሲያበሩ ሰንበትን ተቀብለዋል፣ ከዛ በኋላ እሳት ማጥፋትም ስራ ነው። ከዛ አይናቸውን በእጃቸው ሸፍነው ይባርካሉ። እኔ እሳቸውን ሳይ አያቴ ትመጣብኛለች፣ እሷ አጥፍታ እሳቸው አብርተው የሚፈሩት ያንኑ ሰንበት ነው።

ጎንደር ፀሐይ የምትጠልቀው ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፣ የየሳምንቱን ሰዓት ማሚቱ ከምኩራብ ጽፋ ታምጣልሽ፣ ተራራው ቶሎ ስለሚሸፍናት በአይን ብቻ አትመኚ። ዳቦውን ጋግረሽ ሰውነትሽን ታጥበሽ ተረጋግተሽ አብሪ። መብራት ጠፍቶ ወይ እንግዳ መጥቶ ፀሐይዋ ከጠለቀች ግን በፍጹም እንዳትለኩሺ እማዬ፣ ማንም ቢልሽ። ያን ቀን እንደ አያቴ በጨለማ እደሪ፣ ምንም ኃጢአት የለበትም።

ለሻማና ለዱቄት ትንሽ ብር ልኬያለሁ፣ ሲደርስ ደውሉልኝ፣ ዓርብ ማታ ግን አላነሳም፣ ቅዳሜ ሲመሽ እኔው እደውላለሁ። ለቄሱ ሰላምታዬን አድርሱልኝ።

ሰንበት ሰላም
ልጅሽ