ለደንበኞቻችን፦ ስለ ቤት ኢንሹራንስ፣ ስለ ውኃ ጉዳትና ስለዚያ ቅጽ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ጥር 2017 ዓ.ም.

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በኅዳር ወር የላክንላችሁ ደብዳቤ እንዳስቀየማችሁ ሰምቻለሁ። በስልክም፣ በጽሑፍ መልእክትም፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍም ሰምቻለሁ። ሦስት መስመር የማይሞላ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ሰላምታ እንኳ የሌለው ወረቀት ነበር። ጠበቃ ያዘጋጀልንን እንዳለ ነው የላክነው። ለእናንተ እንደዚያ መጻፍ አልነበረብኝም፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ለውሳኔው ግን ይቅርታ አልጠይቅም። ለምን እንደማልጠይቅ ላስረዳችሁ ብዬ ነው ዛሬ በራሳችን ቋንቋ የምጽፈው። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ብታነቡት ደስ ይለኛል።

ውሳኔው ይህ ነው። ቤዝመንት (ከመሬት በታች ያለ ክፍል) ያለበት ቤት የኢንሹራንስ ውል ሲታደስ፣ ባለቤቱ ከፍሳሽ መስመር ወደ ቤት ተመልሶ ለሚገባ ውኃ ተጨማሪ ሽፋን ይገዛል፤ አልገዛም ካለ ደግሞ "ተነግሮኛል፣ ገብቶኛል፣ አልፈልግም" የሚል በአማርኛ የተዘጋጀ ቅጽ ላይ ይፈርማል። ሁለቱንም እምቢ ያለ ደንበኛ ፋይሉን ወደ ሌላ ወኪል እንዲያዛውር እንጠይቃለን። ያስቆጣችሁ ይህ የመጨረሻው መሆኑን አውቃለሁ። "ስንት ዓመት አብረን ቆይተን በር ያሳየናል?" ያላችሁኝ አላችሁ። "ደላላ ድሮም ኮሚሽኑን ነው የሚያየው" ያለም አለ። ማን እንዳለውም አውቃለሁ፤ ልጁን ክርስትና ሲያስነሣ ድንኳን ስተክል የዋልሁለት ሰው ነው።

እንግዲህ ስለ ኮሚሽኑ እንነጋገር። ይህ ተጨማሪ ሽፋን እንደ ቤቱና እንደ ሽፋኑ መጠን በዓመት ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 250 ዶላር ይደርሳል። ከመቶ ዶላር ለቢሮአችን የሚተርፈው ከ10 እስከ 15 ዶላር ነው፤ እሱም በዓመት አንድ ጊዜ። አንድ ደንበኛ ተቀምጦ ጥያቄውን ሁሉ ጠይቆ እስኪነሣ ድረስ የምናፈላው ቡናና የምንቆርሰው ዳቦ ከዚያ አይተናነስም። ሀብት የፈለገ ሰው በዚህ በኩል አይመጣም።

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 8 ቀን 2019 ጠዋት ነው። የዚያን ዕለቱን ዝናብ የማታስታውሱ ካላችሁ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ባለው በሬገን አውሮፕላን ማረፊያ በአንድ ሰዓት ውስጥ ብቻ ከ3 ኢንች በላይ ዝናብ የተለካበት ቀን ነው። መንገዶች ወንዝ ሆነው ሰዎች ከመኪናቸው ጣሪያ ላይ ሲነሡ በቴሌቪዥን አይተናል። ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ አንዲት እናት ደወሉልኝ። ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞቼ አንዷ ናቸው። ቤዝመንታቸው ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ አጠገብ ካለው የወለል ቀዳዳ፣ ጥቁር ውኃ እየፈላ ይወጣል። እኔም በሙሉ ልብ "አይዞዎት፣ ኢንሹራንስ አለዎት" አልኋቸው።

ጉዳቱን የሚገምተው ባለሙያ በሦስተኛው ቀን መጣ። አብሬአቸው ነበርሁ። የረጠበውን ምንጣፍ፣ ያበጠውን ግድግዳ፣ የተገለበጠውን ማቀዝቀዣ ብዙም አላየውም። በባትሪ መብራት ሲመረምር የቆየው ያንን የወለል ቀዳዳ ነው። ያኔ ሆዴን ቆረጠኝ፤ ምክንያቱም ገባኝ። የቤት ኢንሹራንስ ውል ውኃው ምን አበላሸ ብሎ አይጀምርም። መጀመሪያ የሚጠይቀው ውኃው በየት በኩል መጣ ብሎ ነው። ከፍሳሽ መስመር ተመልሶ የሚወጣ ውኃ፣ ከቤዝመንት ሥር ውኃ የሚመጥጠው ፓምፕ ሲያቅተው የሚሞላ ውኃ፣ በተለመደው ውል ውስጥ ተለይቶ የወጣ ነው። በተጨማሪ ሽፋን ካልተገዛ አንድ ሳንቲም አይከፈልበትም። አልተከፈላቸውምም። "ውኃ ውኃ አይደለም እንዴ ልጄ?" አሉኝ። ምን ልመልስ?

ከዚህ በኋላ የምጽፈውን ጠበቃዬ አውጣው ብሎኛል፤ አላወጣውም። ፋይላቸውን ስከፍት፣ ያ ተጨማሪ ሽፋን ቀርቦላቸው "አልፈልግም" የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ተደርጎ አገኘሁ። የሜሪላንድ ሕግ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ይህንን ሽፋን ለቤት ባለቤቶች በጽሑፍ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ ስለዚህ ወረቀቱ ሁልጊዜም በጥቅሉ ውስጥ አለ፣ በእንግሊዝኛ፣ በደቃቅ ፊደል። ምልክቱን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ጽሑፉ የእኔ ነው። ዋጋው እንዳይወደድባቸው ብዬ ይሆናል፣ ወይም ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ነበረና ቸኩዬ ይሆናል። እሳቸው የፈረሙት ጣቴ በጠቆመበት ቦታ ነው። ዛሬም ደንበኛዬ ናቸው። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አንሥተውብኝ አያውቁም፤ ቢያነሡብኝ ይቀለኝ ነበር።

ቅጹ ለምን በአማርኛ እንደሆነ፣ ለምን እየተነበበ እንደሚፈረም፣ ለምን "ስልክ ላይ ብቻ እሺ ልበልህ" ስትሉኝ እንደማልቀበል ከዚህ ተረዱልኝ።

አሁን ውሉ ስለ ውኃ የሚለውን እንደ ቢሮ ሳይሆን እንደ ጎረቤት ልንገራችሁ። የሚከፈልበት በጥቅሉ ድንገተኛ የሆነው ነው። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ደንበኛችን ማኅበር ደግሶ፣ እንግዶች ማዕድ ላይ ሳሉ፣ ፎቅ ላይ ያለው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ቱቦ ፈነዳ። ኮርኒሱ ጠላው ላይ ወረደ። ኩባንያው ኮርኒሱን፣ የእንጨት ወለሉን፣ ሶፋውን፣ ቤቱ እስኪጠገን የሆቴሉን ወጪ ሳይቀር ከፈለ። ደንበኛችን ግን እስከ ዛሬ የሚያማርረው ቱቦው አልተከፈለልኝም ብሎ ነው። ቱቦውማ አይከፈልም። ውኃው ያበላሸው ይከፈላል፣ ተበላሽቶ ውኃውን ያፈሰሰው ዕቃ ግን የባለቤቱ ጥገና ነው። ግድግዳ ውስጥ ያለ ቧንቧ ሲፈነዳም እንዲሁ፤ ቧንቧውን ለማግኘት የሚፈርሰው ግድግዳ በአብዛኛው ይከፈላል፣ ቧንቧው ራሱ አይከፈልም።

የዝግታውስ? "ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ" የሚባለው ለሰው ብቻ አይደለም፣ ለወጥ ቤት ቁም ሣጥንም ነው። ከእቃ ማጠቢያው ሥር ጠብ ጠብ እያለ ለወራት የቆየ ውኃ እንጨቱን ካጠቆረ፣ ገማቹ ጥቁሩን አይቶ "ይህ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም" ይላል፤ ነገሩ በዚያ ያበቃል። ሻጋታም አብሮ ይመጣል። ለሻጋታ የሚከፈለው ብዙ ጊዜ በ5,000 ወይም በ10,000 ዶላር የተወሰነ ነው፣ ጭራሽ የማይከፈልበት ውልም አለ። የረጠበ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ ውኃውን ዝጉ፣ ፎቶ አንሡ፣ አድርቁ፤ ገማቹ እስኪመጣ ብላችሁ እንዳለ አትተዉት። ማድረቅ በውሉ ላይ የተጻፈ የእናንተ ግዴታ ነው። የተበላሸውን ዕቃ ግን ገማቹ ሳያየው አትጣሉ።

ቅዝቃዜው የእኛ የአገር ቤት ናፋቂዎች ልዩ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2022፣ ለፈረንጆች ገና ዋዜማ፣ ያ ድንገተኛ ብርድ ሲገባ ባልና ሚስት ደንበኞቻችን ለገናና ለጥምቀት አዲስ አበባ ነበሩ። የጋዝ ወጪ ለመቆጠብ ማሞቂያውን ዘግተው ነው የሄዱት። ውሉ ባዶ ቤት ትታችሁ ስትሄዱ ወይ ሙቀቱን ጠብቁ፣ ወይ ዋናውን ውኃ ዘግታችሁ መስመሩን አራግፉ ይላል። ሁለቱም ስላልተደረገ፣ ቧንቧው በብርዱ ፈንድቶ ላደረሰው ጉዳት አልተከፈላቸውም። የቆጠቡት ጋዝ ምን ያህል እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር መጨረሻ ላይ "ወዴት ናችሁ? ማሞቂያውን ከ55 ፋራናይት በታች እንዳታወርዱ" እያልን የምንደውለው ለዚህ ነው። "ሰላይ ሆናችሁብን" ብሎ የቀለደብን አለ። ይሁን።

ጎርፍ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ከውጭ በመሬት ላይ እየሄደ የሚገባ ውኃ በቤት ኢንሹራንስ አይሸፈንም፤ አሁን የምንከራከርበት ተጨማሪ ሽፋንም አይሸፍነውም። ይህንን በግልጽ የምናገረው ነገ "ከፍዬ አልነበረም እንዴ?" እንዳትሉኝ ነው። ለጎርፍ እ.ኤ.አ. በ1968 የተቋቋመው የፌዴራል መንግሥት ፕሮግራም አለ። ለመኖሪያ ቤት እስከ 250,000፣ ለዕቃ እስከ 100,000 ዶላር ይሸፍናል፤ ቤዝመንት ውስጥ ግን የሚከፍለው ለጥቂት ነገር ነው። ከተገዛ በኋላ ሥራ የሚጀምረውም በአብዛኛው ከ30 ቀን በኋላ ነው። የአየር ትንበያ ሰምቶ የሚገዛ ነገር አይደለም።

ቤዝመንታችሁን ያከራያችሁም አስቡበት። የተከራዩ አልጋ፣ ልብስና ኮምፒውተር በእናንተ ውል ውስጥ የለም። የራሱ የተከራይ ኢንሹራንስ ያስፈልገዋል። እንዳከራያችሁም ንገሩን፤ ኩባንያው ሳያውቅ ቢቆይ በኋላ ጣጣ ያመጣል። በ2019ኙ ዝናብ የዚያች እናት ተከራይ፣ ሌሊት መኪና የሚጠብቅ ወጣት፣ ያለውን ሁሉ በአንድ ጠዋት አጥቷል። እሱን ያሰበ ማንም አልነበረም፣ እኔንም ጨምሮ።

ዓረቦኑ፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የምትከፍሉት ዋጋ፣ ስለመጨመሩ የምትሉት ትክክል ነው፤ የሚተምነው ግን ቢሮአችን አይደለም። የእንጨቱ፣ የቀለሙና የሠራተኛው ዋጋ ሲንር ቤት መጠገኛው ይንራል፣ ኩባንያዎቹም ወደ እናንተ ያስተላልፉታል። እኛም አልቀረልንም። የቢሮ ኪራዩ ጨምሯል። ወኪል ሲሳሳት ለሚጠየቅበት የምንከፍለው የራሳችን ኢንሹራንስ፣ አንድ ሰው "አልተነገረኝም" ብሎ ከከሰሰን ወዲህ አሻቅቧል። ክሱ ውድቅ ሆነ፤ ክፍያው ግን አልወረደም። ሁለት የነበሩት ሠራተኞቻችን አንድ ሆነዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ስልክ የምታነሣው ልጄ ናት፣ አማርኛዋን ታገሡላት።

እ.ኤ.አ. በ2006 ይህንን ሥራ ስጀምር ቢሮ አልነበረኝም። አንድ የግብር ሒሳብ የሚሠራ ወዳጄ ከጠረጴዛው ግማሹን አካፈለኝ፤ ሌሊት ታክሲ እየነዳሁ ቀን ቀን እዚያ እቀመጥ ነበር። ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ የመጀመሪያውን ውል የፈረማችሁት በታክሲዬ የኋላ ወንበር ላይ ነው። ርካሽ ዋጋ በኢንተርኔት ሞልቶ ሳለ እኔ ጋ የቀራችሁት ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ለዚያ ነው ትንሽ ጉዳት ሲደርስ መጀመሪያ ለእኔ ደውሉልኝ የምላችሁ። የካሳ ጥያቄ ኩባንያዎቹ በሚጋሩት መዝገብ ላይ እስከ 7 ዓመት ይቆያል። ከራሳችሁ ኪስ የምትከፍሉት የመጀመሪያ ድርሻ 1,000 ዶላር ሆኖ ጉዳቱ 1,200 ከሆነ፣ ለ200 ዶላር ብላችሁ መዝገባችሁን እንዳታበላሹ ስንቶቻችሁን መልሻለሁ? ኮሚሽን ብቻ የሚያይ ደላላ ይህንን ለመምከር ጊዜ ያጠፋል?

ቅጹ እስከ መጋቢት መጨረሻ ይጠብቃችኋል። ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ክፍት ነን። ያላችሁን ውል ይዛችሁ ኑ፣ ገጽ በገጽ አብረን እናንብበው። ሽፋኑን ግዙ ብዬ አልለምንም። አልፈልግም ብሎ መፈረም መብታችሁ ነው፣ በፊርማውም ቅር አልሰኝም። የምለምነው ሳታነቡ እንዳትሄዱ ብቻ ነው። ፋይላችሁን ያዛወራችሁም ብትሆኑ ስልኩ ያው ነው።

በኅዳር ወር ተቆጥተው የወጡት አባት ጃንጥላዎን ረስተዋል። ከበሩ ጀርባ ሰቅለነዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት