ዳላስ ከመምጣትሽ በፊት

ሰናይትዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ሁለት ዓመት ድምፄን ያጠፋሁት ረስቼሽ አይደለም። አፍሬ ነው። ስንሰነባበት "ከሚኒሶታ ብርድ ልገላገል እንጂ ሌላው ቀላል ነው" ብዬሽ ነበር። አንቺም መስከረም ላይ ወደዚህ እንደምትመጪ ከእህትሽ ስሰማ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

በመጣሁ በ14 ወሬ 24 ፓውንድ ጨመርኩ። በባዶ ሆድ የተለካው ስኳሬ 118 ሆነ። ከ100 እስከ 125 ስኳር ሊጀምር ነው የሚባልበት ነው፣ 126 ከገባ በሽታው ራሱ። የእናቴን እግር ታስታውሻለሽ አይደል? መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

መጀመሪያ ሙቀቱን ነው የወቀስኩት። ሰውነታችን ውስጥ ቡናማ ስብ የሚባል አለ፤ ሲበርደን ስኳርና ስብ እያቃጠለ ያሞቀናል። በ2014 የወጣ፣ ቤተስዳ ባለው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የተሠራ ጥናት አለ፤ 5 ወንዶች ለአንድ ወር 66 ፋራናይት በሆነ ክፍል ሲያድሩ ይህ ስብ 42 በመቶ ገደማ ጨመረ፣ ወደ 75 ከዚያም ወደ 81 ሲዛወሩ ግን ጭማሪው ጠፋ። አምስት ሰው ብቻ ስለሆነ ጥፋቱን ሁሉ በሙቀቱ አላሳብብም። ደግሞስ ሚኒያፖሊስ እያለን ቤታችን ማሞቂያው መች ይጠፋ ነበር?

እኔ ያጣሁት እንቅስቃሴውን ነው። እዚያ ባስ ለመያዝ በበረዶ 15 ደቂቃ እራመዳለሁ፣ መኪና ለማውጣት በረዶ እዝቃለሁ፣ ሦስተኛ ፎቅ በእግሬ እወጣለሁ፤ ስፖርት ብዬ ቆጥሬው አላውቅም። እዚህ ከኤሲ ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ኤሲ ነው። ነሐሴ ላይ 100 ሲገባ ማን ይራመዳል? ጥማቴን የምቆርጠው በስዊት ቲ ነበር፣ ስኳር በበዛበት ቀዝቃዛ ሻይ። እራቴ ደግሞ ያው የለመድነው፣ ማታ 4 ሰዓት፣ ቅቤው የበዛ ጥብስ።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ። የሚኒሶታ የመንግሥት ኢንሹራንስሽ ግዛት ስትቀይሪ አይከተልሽም፤ እኔ 7 ወር ያለ ሐኪም የቆየሁት በዚህ ነው። ስለዚህ እዚያው እያለሽ ስኳርሽን ተለኪ፣ በባዶ ሆድ የሚታየውንም የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየውንም (ኤዋንሲ የሚሉትን)፣ ወረቀቱንም ይዘሽ ነይ።

እኔ አሁን ፀሐይ ሳትወጣ እራመዳለሁ፣ ስዊት ቲውን ትቻለሁ። ባለፈው ወር 104 ሆነልኝ።

አፓርታማ ስትመርጪ መናፈሻ አጠገብ ይሁን። የመራመጃ ጫማሽን ሻንጣው ላይኛው ላይ አድርጊው፤ በገባሽ ማግስት ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል በርሽ ላይ ነኝ።

ናፍቀሽኛል።