ጃካራንዳ አገር በቀል አይደለም፤ ማረሚያ እንጠብቃለን

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው ሳምንት ስለ ሰፈር ችግኝ ተከላ ያወጣችሁትን ዘገባ አንባቢዎቻችሁ ስላዩት አልደግመውም። ከዋናው ፎቶ ሥር ያለችው አንዲት መስመር ግን እንቅልፍ ነስታኛለች። «ተማሪዎች አገር በቀሉን ጃካራንዳ ሲተክሉ» ትላለች።

ጃካራንዳ አገር በቀል አይደለም። የእኛም አይደለም፣ የጎረቤቶቻችንም አይደለም፣ ከነጭራሹ የአፍሪካ ዛፍ አይደለም። የትውልድ ቦታው ደቡብ አሜሪካ ነው፤ አርጀንቲናና ቦሊቪያ። ይህን ለማወቅ ለአንድ የደን ባለሙያ ስልክ መደወል በቂ ነበር። ጋዜጠኛችሁ የእንግዶቹን ማዕረግ አንድ በአንድ አጣርቶ ጽፏል። የዛፉን ማንነት ለማጣራት ግን አልተጨነቀም። ዘገባው ስለ ዛፍ መስሎኝ ነበር።

«የፎቶ መግለጫ ስህተት ነው፣ ይታለፋል» ትሉ ይሆናል። እኛ ሰፈር ግን አልታለፈም። እኔና ሌሎች በጎ ፈቃደኞች ከተማሪዎች ጋር ሆነን ችግኝ እናፈላለን። መንገድ ዳር ባለው ባዶ መሬት ላይ ወይራና ጥቁር እንጨት የተባሉትን አገር በቀል ዛፎች እንድንተክል ፍቀዱልን እያልን አንድ መሥሪያ ቤት ስንመላለስ ከርመናል። ጉድጓዱን እንድትቆፍሩ ይፈቀድላችኋል፣ የተከላው ደብዳቤ ይከተላል ተባልን። ቆፈርን። ዘገባችሁ በወጣ ማግስት ደብዳቤውን ልንቀበል ስንሄድ ኃላፊው ስልካቸውን አውጥተው ፎቶውን አሳዩን። «ይኸው፣ ጃካራንዳም አገር በቀል ነው ተብሏል። ቶሎ ያድጋል፣ ያምራል። እናንተ ለምን ታካብዳላችሁ?» አሉን። ቦታው ለጃካራንዳ ተሰጠ። የቆፈርናቸው ጉድጓዶች ሳይቀሩ።

ከሁሉ የባሰብኝ ግን የልጆቹ ነገር ነው። አብራን የምትሠራ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ «ጋሼ፣ እናንተ አይደለም ብላችሁን ነበር እኮ፤ ማን ነው ልክ?» አለችኝ። ታትሞ የወጣ ነገር ተጣርቶ የወጣ ነው ብላ ታምናለች። እንዲህ ማመኗም ጥሩ ነው። እናንተ ግን ይህን እምነቷን አላከበራችሁትም።

ነገሩን በእርጋታ ላስረዳ። ጃካራንዳን የምጠላ ሰው አይደለሁም። ሲያብብ መንገዱን ሁሉ ሐምራዊ ያደርገዋል፣ ጥላም አለው፣ ንብም ይጎበኘዋል። የደቡብ አፍሪካዋ ፕሪቶሪያ «የጃካራንዳ ከተማ» የምትባለው በእሱ ነው። ያው ደቡብ አፍሪካ ግን ዛፉን በወራሪ ዕፅዋት ዝርዝር ውስጥ አስገብታዋለች። ከአውስትራሊያ የመጡት ባሕር ዛፍና ግራቪሊያም ጥቅም አላቸው፤ አልክድም። ሰው ለማገዶም ለጥላም ለውበትም የፈለገውን ይትከል። አገር በቀል ነው ተብሎ በውሸት ስም ሲተከል ግን ለአገር በቀሉ የታሰበውን ቦታ ይቀማል። የተቀማነውም ይህንኑ ነው።

አገር በቀል ዛፍ ለምን ያስፈልጋል? ብዙ ሰው መልሱ የስሜት ጉዳይ ይመስለዋል። በፎቶ አንሺያችሁና በእኛ መካከል የተፈጠረችውን ነገር ላንሳ። እሱ የተከላው ዕለት ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ወዳለው የእኛ አትክልት ቦታ ብቅ ብሎ ነበር። አገር በቀል የሆነ አንድ ወጣት ብሳና ቆሟል። ቅጠሉ እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። «ይህማ ታሟል፣ ለፎቶ አይሆንም» ብሎ ሄደ። ቅጠሉን ገልበጥ ቢያደርገው ኖሮ ከሥሩ የተጣበቁትን አባጨጓሬዎች ያይ ነበር። አረንጓዴ ናቸው፤ ከቅጠሉ ሥር ጋር ስለሚመሳሰሉ ጣት እስኪነካቸው ድረስ አይለዩም። ከአጥሩ ሽቦ ላይ ደግሞ አንዲት ወፍ አፏን ሞልታ ቆማለች። እኛ ያንን ዛፍ የተከልነው ለዚህ ነው። እንዲበላ ነው።

አብዛኞቹ ቅጠል በል ነፍሳት ያገኙትን ሁሉ አይበሉም። ዛፍ ቅጠሉን የሚከላከልበት የራሱ ኬሚካል አለው፤ ነፍሳቱ ያንን የተላመዱት አብረውት በኖሩበት ረጅም ዘመን ነው። ከሌላ አህጉር የመጣ ዛፍ ላይ ብዙዎቹ ቢያርፉም አይበሉትም። ቅጠሉ ሳይነካ ያምራል፤ ወፏ ግን ለጫጩቶቿ የምትወስደው ታጣለች። የአሜሪካው የነፍሳት ተመራማሪ ዳግላስ ታላሚ እንደሚለው ቺካዲ የምትባል ትንሽ ወፍ አንድ ጎጆ ጫጩቶቿን ለማሳደግ ከ6,000 እስከ 9,000 አባጨጓሬ ትለቅማለች። እሱና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ የመኖሪያ ግቢዎችን ተመልክተው ነበር። የወፏ ቁጥር ሳይመናመን ሊቀጥል የሚችለው ከግቢው ዕፅዋት ቢያንስ 70 በመቶው አገር በቀል ከሆነ ነው ብለው ደመደሙ። ጥናቱ የተሠራው ጫካ ውስጥ አይደለም። ሰው በሚኖርበት ሰፈር ነው። እያንዳንዷ ጉድጓድ የምታሳስበን ስለዚህ ነው።

ዘገባችሁ ሌላም ነገር ጎድሎታል፤ ሰዎቹ። በአንድ ማለዳ ተተክሎ አለቀ ይላል። ችግኙ ከየት መጣ? ማን አፈላው? የሚመለከታችሁ አልመሰላችሁም። የወይራ ፍሬ ጠንካራ ቅርፊት አለው፤ ፍሬው ውስጡ ሳይጎዳ በጥንቃቄ ካልተሰበረ ለመብቀል ያስቸግራል። የሚሰብሩት ልጆቹ ናቸው፤ ከትምህርት በኋላ፣ በድንጋይ፣ ጣታቸውን እየመቱ። የጥቁር እንጨት ዘር ደግሞ ከደረቀ ይሞታል። ፍሬው ሲደርስ ለቅሞ ወዲያው መዝራት ነው፤ ለበኋላ ተብሎ አይቀመጥም። ይህ ዛፍ ቅርፊቱ ለፕሮስቴት መድኃኒት ስለሚፈለግ እየተላጠ ተመናምኖ፣ ዓለም አቀፍ ንግዱ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በቁጥጥር ሥር ነው። እኛ ዘንድ በፕላስቲክ ውስጥ ቆመው የሚታዩትን የጥቁር እንጨት ችግኞች ልጆቹ በስም ይጠሯቸዋል። ጋዜጠኛችሁ በአጠገባቸው አልፎ ንግግር ወደሚደረግበት ድንኳን ነው የሄደው።

ከተከላ በኋላ ያለው ሥራ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በጋ ሲገባ ውሃ በጄሪካን ተሸክመው የሚያመላልሱት ተማሪዎችና አንዲት ጎረቤታችን ናቸው። እማማ ቧንቧቸውን ለሰፈሩ ዛፎች ከፍተው ሰጥተዋል፤ ስማቸው ይጻፍልኝ ብለው አያውቁም። መኮትኮት አለ፣ ፍየል ማባረር አለ፣ የደረቀውን መተካት አለ። ጃፓናዊው አኪራ ሚያዋኪ በከተማ ጠባብ ቦታ ላይ አገር በቀል ዝርያዎችን ቀላቅሎ አጠጋግቶ የመትከል ዘዴውን ሲያስተምር፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዓመታት አረም ማረሙንና እንክብካቤውን የዘዴው አካል አድርጎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በኬንያ የግሪን ቤልት እንቅስቃሴን የመሠረተችው ዋንጋሪ ማታይም ለሴቶቹ ትንሽ ክፍያ የምትሰጠው ለጸደቀ ችግኝ ነበር። በቁፋሮ ብዛት አልነበረም። እናንተ ግን የተተከለውን ቁጥር በትልቅ ፊደል አወጣችሁ። ካቻምና እዚያው ሜዳ ላይ ተተክሎ የነበረው ምን ያህሉ ጸደቀ ብላችሁ ጠይቃችኋል? ብትጠይቁ ኖሮ መልሱ አጠገባችሁ ነበር፤ ከደረቀው ግንድ አጠገብ ነው ፎቶ የተነሳችሁት።

«ዋናው ነገር ዛፍ መተከሉ ነው፣ ምን አከራከራችሁ» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። በቅንነት እንደሚሉት አውቃለሁ። ዛፍ ግን የአንድ ወቅት ነገር አይደለም። ዛሬ በተሳሳተ ስም የተተከለው ጃካራንዳ ልጆቹ አድገው ልጅ ወልደውም ቆሞ ይኖራል። ያኔ ነቅላችሁ ወይራ ትከሉ ማለት አይቻልም፤ ትልቅ ዛፍ ቁረጡ የሚል ሰው ደግሞ እኔም እቃወመዋለሁ። ስለዚህ መጠንቀቅ ያለብን አሁን፣ ጉድጓዱ ባዶ ሳለ ነው።

የምጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። ማረሚያው ይውጣ፤ ስህተቱ በወጣበት ገጽና መጠን። ለጃካራንዳው ዘገባ የሰጣችሁትን ቦታ ያህል ዘሩን ለሚሰብሩት ልጆች ስጧቸው። በበጋም ጋዜጠኛ ላኩ፤ ድንኳንና ንግግር በሌለበት ቀን፣ ውሃ በሚቀዳበት ሰዓት።

ማመልከቻችንን በሚቀጥለው ወር ለዚያው መሥሪያ ቤት እንደገና እናስገባለን፤ ገና ያልተተከለባቸው ጥቂት ጉድጓዶች አሉና። ማረሚያችሁ ከዚያ በፊት ከወጣ ቆርጠን ከማመልከቻው ጋር እናያይዘዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሰፈር በጎ ፈቃደኛ