ሁለቱ ሙለሮች አባትና ልጅ አይደሉም

ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ዛሬ የምጽፍልሽ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው። ያን ቀን ኳስ እያየን «አባዬ፣ ቶማስ ሙለርና የድሮው ገርድ ሙለር ምንና ምን ናቸው?» አልሽኝ። እኔም ዓይኔን ሳላሽ «አባትና ልጅ» አልኩሽ። አንቺ ደግሞ አባቴ ካለ ብለሽ ለጓደኞችሽ ነገርሽ፤ ሳቁብሽ። ጥፋቱ የኔ ነው።

ግን እስቲ ፍረጂኝ። ሁለቱም የባየርን ሙኒክ ልጆች ናቸው። ሁለቱም በዓለም ዋንጫ 13 ቁጥር ለብሰዋል። ዋንጫውንም አንስተዋል፤ ገርድ በ1974፣ ቶማስ በ2014። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።) ኮከብ ግብ አግቢነቱንም አልተዉትም። ገርድ በ1970 በ10 ጎል፣ ቶማስ በ2010 በ5 ጎል ወሰዱት። የ1974ቱን የፍጻሜ ጎል ፈልገሽ እዪው። ኳሷ ትንሽ ወደኋላ ትቀርበታለች፤ ገርድ መለስ ይልና ዞሮ መሬት ለመሬት ይልካታል። ሆላንዶች ገና ሲዞሩ መረብ ውስጥ ናት። ቶማስም እንዲህ ያለ ሾልኮ የሚገኝ ሰው ነው። ታዲያ እንዴት አልሳሳት?

ለካ ሙለር ማለት ባለወፍጮ ማለት ነው። ድሮ እህል የሚፈጭ ሰው የሌለበት አካባቢ አልነበረም፤ ሰዉም በሥራው ይጠራ ነበር። ስለዚህ ስሙ በጀርመን ከሁሉም የበዛ ሆነ። ሁለቱ ሰዎች የሚገናኙት በወፍጮ እንጂ በደም አይደለም።

ብረት ቀጥቃጩ ደግሞ ይብሳል። በእንግሊዝኛ ስሚዝ፣ በጀርመንኛ ሽሚት፣ በጣልያንኛ ፌራሪ፣ በዓረብኛ ሐዳድ። ያ ሁሉ ሰው የሚንሰፈሰፍለት ፌራሪ መኪና፣ ስሙ ሲፈታ የቀጥቃጭ ቤት ስም ነው! እኔን በጣም የገረመኝ ግን ይኸው፦ በ1776 የአገሮችን ሀብት ምንጭ የመረመረው አዳም ስሚዝ ነው። የአገርን ገቢ እንዴት እንደሚለካ በማሳየት ስሙ የገነነውና በ1971 የኢኮኖሚክስ ኖቤል የወሰደው ደግሞ ሳይመን ኩዝኔትስ ነው። ኩዝኔትስ በሩሲያኛ ምን ማለት መሰለሽ? ብረት ቀጥቃጭ። ፊደሉ ባይመሳሰልም ስማቸው አንድ ነው።

እንደ ጆንሰኖቹ ግን ሰው የሚያሳስት የለም። ሊንከን በ1865 ሲገደል ምክትሉ አንድሩ ጆንሰን ፕሬዚዳንት ሆነ። ኬኔዲ በ1963 ሲገደል ምክትሉ ሊንደን ጆንሰን ተተካ። አንዱ የተወለደው በ1808፣ ሌላው በ1908። ሁለቱም የአሜሪካ ደቡብ ሰዎች ናቸው። ዘመዳሞች ግን አይደሉም። ጆንሰን ማለት የጆን ልጅ ማለት ነው፤ ጆን ደግሞ ስንት አለ!

አሁን ደግሞ እነዚያን የሳቁብሽን ጓደኞችሽን የምትይዢበት ጥያቄ ልስጥሽ። ሦስት ቶምሰኖች አሉ፤ ሦስቱም የፊዚክስ ሰዎች ናቸው። ዊሊያም ቶምሰን፣ ኬልቪን የሚባለው የሙቀት መለኪያ በማዕረግ ስሙ የተሰየመለት። ጄ ጄ ቶምሰን፣ በ1897 ኤሌክትሮንን ያገኘው፤ በ1906 ኖቤል ወስዷል። ጆርጅ ቶምሰን፣ ኤሌክትሮን እንደ ሞገድም እንደሚሆን በሙከራ አሳይቶ በ1937 ኖቤል የተካፈለው። «ከነዚህ ውስጥ ዝምድና ያላቸው አሉ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ከሙለር ስለተማሩ «የሉም» ማለታቸው አይቀርም። ዊሊያም በእርግጥ ዘመዳቸው አይደለም። ጄ ጄና ጆርጅ ግን አባትና ልጅ ናቸው።

ይሄኛውን አጣርቼዋለሁ፤ ሳትፈሪ ንገሪያቸው።

አባትሽ